የቢጫ ቀን እንግዶች

«ትናንት ቢጫ ነው የቀባችው። ቢጫ ስትሆን አትከራከርም፤ ስለዚህ ይምጡ በለው፣ ዛሬውኑ ይለቅ።»

ሶሲና ይህን የሰማችው አንዱን ካልሲ አጥልቃ ሌላውን በእጇ እንደያዘች ነው። የወንድሟ ሚስት ገሊላ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። ግን የሶሲናን ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው ኮምፔንሳቶ ነው፤ አባቷ በሕይወት ሳለ «ለጊዜው ነው» ብሎ ያቆመው፣ ጊዜው ግን እስካሁን ያላለቀለት ግድግዳ። በዚያ ግድግዳ በኩል እናቷ ሲያዛጉ፣ የስኳር ዕቃው ሲከደን፣ ሰው ሶፋው ላይ ሲገላበጥ ሁሉ ይሰማል። ፋኑኤል የመለሰው አልተሰማትም። «እኔ ምን አደረግኩ? ራሷ አይደለች እንዴ ቁጭ አድርጋ ያስረዳችን» አለች ገሊላ፤ ከዚያ የብርጭቆ ድምፅ ብቻ ሆነ።

ሶሲና ከአልጋዋ ራስጌ የተሰቀለውን ካሌንደር ቀና ብላ አየችው። አንድ የዱቄት ጅምላ ነጋዴ ለደንበኞቹ ያደለው ነው። ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት የዋለችውን ቀን በእርሳስ ከለር ትቀባበታለች። አረንጓዴ ማለት ተነሥታ፣ ታጥባ፣ ሥራ ገብታ፣ ምናልባትም ከሰው ጋር ስቃ የዋለችበት ነው። ቀይ ማለት ብርድ ልብሱን ከፊቷ መግለጥ ያቃታት ቀን ነው። ቢጫው መሀል ላይ ነው ይባላል እንጂ ለእሷስ መሀል አይመስላትም። ቢጫ ቀን ሰው ሲያናግራት ቃሉ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ እጇ የራሷ አይመስላትም፤ ቶሎ እንዲተዋት ስትል የጠየቃትን ሁሉ እሺ ትለዋለች። ይህን ያስጀመረቻት የሆስፒታሉ ነርስ ሲስተር ሀምዲ ናት። መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፣ ቀንሽን እወቂው፣ የትኛው ቀን ምን ይዞ እንደመጣ ይገባሽ ብላ። የቤት ሰዎችም ቢያውቁት ያግዙሻል ብላት ስለነበር፣ ፋኑኤልና ገሊላ ለመስቀል ከድሬዳዋ ሲመጡ ራት ላይ ቀለሞቹን አንድ በአንድ አስረድታቸዋለች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ማታ ብዙ ተናግራ አታውቅም። ገሊላ እጇን ይዛ «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እንጂ» ብላታለች። እናቷ ወይዘሮ ጥሩነሽም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

የገረማት አለመናደዷ ነው። ቢጫ ቀን ንዴት እንኳ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። አሁን የመጣባት ሀፍረት ነው፤ ልብሷን ስትቀይር መጋረጃው ተከፍቶ እንደነበር በኋላ ያወቀች ሴት ዓይነት ሀፍረት። ማን እንደሚመጣ፣ ስለ ምን እንደማትከራከርም አላወቀችም። ካልሲዋን አጥልቃ ጨረሰችና ወጣች።

ሳሎኑ ውስጥ ፋኑኤል የአባታቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ እየነከረ ይበላል። በጅቡቲ ድንበር፣ ደወሌ ላይ፣ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር ነው፤ የድንበሩ ፀሐይ ፊቱን አጥቁሮታል፣ ሆዱም ወደ ፊት ወጥቷል። ለጥምቀት መጥቶ በዓሉ ካለፈ ሳምንት ቢሆነውም አልተመለሰም። ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወሩ። ፋኑኤል ድሬዳዋ ኪሎው ከዚህ እንደሚረክስ ተናገረ፣ ገሊላ ቲማቲሙ ግን እንደማይቀመስ ጨመረች፣ ከዚያ ስለ ጅጅጋ ብርድና ነፋስ ሆነ። ወይዘሮ ጥሩነሽ መስኮቱ ሥር በሚቀመጡበት ቦታ ተቀምጠው በጠረጴዛው ልብስ ላይ የቀረውን የዳቦ ፍርፋሪ በጣታቸው ጫፍ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ያ የቤቱ ዝምታ ነበር። አባት ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት አዋቂዎቹ ዋናውን ነገር ሲሸሹ ስለ ሽንኩርት ነው የሚያወሩት።

«ሶስዬ፣ ለባጃጅ ያዢ» አለ ፋኑኤል፣ አንድ የመቶ ብር ኖት ወደ እሷ እየገፋ። ሶስዬ ብሎ ለመጨረሻ ጊዜ የጠራት ልጆች ሳሉ ነበር።

«ማታ በጊዜ ነይ» አለች ገሊላ። «እንግዶች አሉብን።»

«እነማን ናቸው?»

«የፋኑኤል ሰዎች ናቸው። ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ።»

ሶሲና እናቷን አየቻቸው። እናቷ ፍርፋሪውን መዳፋቸው ላይ ሰብስበው መስኮቱን ከፈቱና ወደ ውጭ በተኑት።

ግቢው በር ላይ ስትደርስ ባቱሎ የሱቋን መዝጊያ እያነሣች ነበር። ባቱሎ ከግቢው ፊት ያለውን ክፍል ተከራይታ ሽቶ፣ ሻሽና የሴት ልብስ ትሸጣለች፤ ኪራይ ስትከፍል ብሩን ሁልጊዜ ለወይዘሮ ጥሩነሽ በእጃቸው ነው የምትሰጠው። «መጤ» የተባሉ ሰዎች ቤት በተቃጠለበት በዚያ በሐምሌው ግርግር ሶሲናና እናቷ የተደበቁት የባቱሎ እናት ቤት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ቤቶች መሀል መመሰጋገን ቀርቷል፣ ዘመድ ሆነዋል።

«አባዮ፣ እህቴ፣ እውነት ነው ቤት ሸጣችሁ?» አለቻት ባቱሎ። «ደላላው ትናንት መጣ። እስከ ረመዳን ሱቁን ልቀቂ አለኝ። እኔ ደግሞ ወላሂ ሶሲና ሳትነግረኝ አላምንም አልኩት።»

ሶሲና የመዝጊያውን ብረት ያዘች። ነፋሱ አቧራውን ከመንገዱ እያነሣ ሱቁ ውስጥ ይጥለዋል።

«እኔም ካንቺ ነው የሰማሁት» አለቻት።

ባቱሎ አየቻት፤ ከዚያ ዓይኗን መልሳ ሽቶዎቹን በጨርቅ መጥረግ ጀመረች። ሰው ገመና ሲያይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ባጃጁ ውስጥ ነገሩ ተራ በተራ ተገጣጠመላት። በወራሽነቱ ወረቀት ላይ ሦስት ስም አለ፤ የእናቷ፣ የፋኑኤልና የእሷ። ሦስቱም ካልፈረሙ ቤቱ አይሸጥም። ፋኑኤል ከግርግሩ ጀምሮ «እዚህ ምን አላችሁ» ሲል ኖሯል፤ እናቱን ድሬዳዋ ወስዶ ከቤቱ ኋላ ባለችው ክፍል ሊያኖራቸው ነው። የእሷን ነገር ግን ማንም አንሥቶት አያውቅም። እዚህ ሥራ አላት። እዚህ ስሟን ከካርዷ በፊት የምታውቅ ነርስ አለቻት። ማታ ስትተኛ የእናቷን ማዛጋት የምትሰማበት ግድግዳ አላት። ይህ ሁሉ ሲደመር ብዙ አይደለም። ግን አረንጓዴዎቹ ቀኖች የተሠሩት ከዚሁ ነው።

የምትሠራው በአንድ ቢሮ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ደብዳቤ ቁጥር እየሰጠች በየፋይሉ ታስገባለች። ያን ቀን ከቱሊ ጉሌድ ወረዳ የመጣ አንድ ደብዳቤ ይዛ ስለ ውኃ ጉድጓድ ይሁን ስለ መምህራን ደመወዝ ሳይገባት ደጋግማ አነበበችው። የክፍሉ ኃላፊ ከበሩ ላይ ቆሞ «ደህና ነሽ?» ሲላት «ደህና ነኝ» አለችው፣ ሻይ ልዘዝልሽ ሲላት «እሺ» አለችው፣ ይህን ፋይል ዛሬ ትጨርሺዋለሽ ሲላትም «እሺ» አለችው። ሁለተኛውን እሺ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው። እንዲህ ነው ማታ የምለው፣ አለች በልቧ። እስክሪብቶ ይሰጡኛል፣ እሺ እላለሁ። ያኔ ቦርሳዋን አንሥታ ሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ ብላ ወጣች። ቀጠሮ አልነበራትም።

የሥነ አእምሮ ክፍሉ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው፤ አላፊ አግዳሚ እንዳያያቸው ሲሉ ሕመምተኞቹ ራሳቸው ይመርጡታል። አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ ነበር። ከቀብሪበያ በሚኒባስ የመጣች አንዲት እናት ትልቅ ሴት ልጇን እንደ ሕፃን አቅፋ ተቀምጣለች። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ያለው ሰው ለጠየቀው ሁሉ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይላል፤ ከውጭ ደግሞ አንዱ ፍሬ አምና አንድ ፓኬት ይገዛ በነበረበት ዋጋ ነው። ሲስተር ሀምዲ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስትሮጥ ሶሲናን አየቻትና በእጇ ጠራቻት፤ ካርድ መደርደሪያው ጀርባ ይዛት ገባች። ልጅ እግር ናት፣ ከሶሲና በአሥር ዓመት ታንሳለች፤ ሂጃቧን ሁልጊዜ በአንድ ሰማያዊ መርፌ ቁልፍ ነው የምታሲዘው።

«ዛሬ ቀጠሮሽ አይደለም» አለች። «ቀይ ነው?»

«ቢጫ ነው» አለች ሶሲና፤ ጠዋት በግድግዳው የሰማችውንም፣ በር ላይ የተነገራትንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ስትነግራት ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ ነው የሚመስለው።

በር ላይ የሀምዲን ስም እየጠሩ ነበር፤ «መጣሁ» አለች፣ ግን አልሄደችም።

«ለቤት ሰዎችሽ ንገሪያቸው ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ።

«አንቺማ ለደግ ነው።»

«ለደግ ነበር።» ሀምዲ መርፌ ቁልፏን ነካካችው። «ስሚኝ ሶሲና። ቢጫ ቀን እንቢ ማለት እንደሚከብድሽ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። እንቢ አትበይ። ዛሬ አይደለም በይ። ለምን ቢሉሽ አታስረጂ፤ ማስረዳት ስትጀምሪ ነው የሚይዙሽ። ዛሬ አልፈርምም፣ አለቀ።»

«ነገ ቢሉኝስ?»

«ነገን ነገ እናያለን። ነገ እኔም አለሁ።» ከዚያ ድጋሚ ተጠራችና ሄደች።

ሶሲና ወደ ቤት በእግሯ ነው የተመለሰችው። ያንን ቃል እንደ ውኃ ጣሳ ሳይፈስስ ለመድረስ የምትጠነቀቅ ይመስል ቀስ ብላ ሄደች። ዛሬ አልፈርምም። በገበያው በኩል ስታልፍ፣ የግመል ወተት የሚሸጡት ሴቶች ሲጠሯት፣ የባጃጅ ጥሩምባ ሲያንባርቅባት፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ ትለዋለች። ግቢው በር ላይ አንድ ነጭ ፒክአፕ ቆሟል። የባቱሎ ሱቅ ያለ ልማዱ ተዘግቷል።

ሳሎኑ ተለውጦ ነበር የጠበቃት። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ ጠረጴዛው ወደ መሀል ተስቧል፣ ለበዓል ብቻ የሚወጡት የሻይ ብርጭቆዎች ወጥተዋል። ሶፋው ላይ ገዢው አቶ ዴቅ ተቀምጠዋል፤ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ በከተማው ሁለት ትልልቅ መጋዘን ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ከጎናቸው ደላላው አለ። ከደላላው ማዶ ደግሞ አቶ ቀናው፣ የአባቷ የዕድር ጓደኛ፣ ለምስክርነት ተጠርተው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ወይዘሮ ጥሩነሽ ቀሚስ ቀይረዋል። ውሉ ተተይቦ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ የእናቷና የፋኑኤል ስም ላይ ፊርማ አርፎበታል። የእናቷ ፊርማ ትምህርት እንደሚጀምር ልጅ ጽሕፈት ተለቅ ብሎ ወደ ጎን ያዘነበለ ነው።

ፋኑኤል ተነሥቶ ወንበር ሳበላት። ቤቱ እያረጀ መሆኑን፣ እናታቸው ብቻቸውን ሊሆኑ እንደማይገባ፣ ለእሷም እዚሁ አንዲት ንጹሕ ክፍል ተፈልጋ እንደምትከራይላት፣ ድርሻዋም ባንክ እንደሚቀመጥላት ነገራት። በደንብ የተጠና ንግግር ነበር፤ ደግሞም ረጋ ያለ፣ ለልጅ እንደሚነገር ነገር። ሶሲና ቃሉ ከሩቅ ሲመጣ ይታወቃታል። «እዚህ ጋ ነው ሶስዬ» አለና እስክሪብቶውን ጣቶቿ መሀል አስገባው። እጇ ተቀበለው። ያ ነው ያስፈራት። እጇ ማንንም ሳይጠይቅ ወረቀቱ ላይ አረፈ።

«ቆይ» አሉ አቶ ዴቅ። «እህቴ፣ አንቺ ፈቅደሻል?»

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ፈቅዳለች እንጂ» አለች ገሊላ። «ትንሽ ያማታል፣ ብዙ አትናገርም እንጂ ፈቅዳለች።»

«እኔ እሷን ነው የጠየቅኩት» አሉ አቶ ዴቅ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ዕቃ ሲገዙ ስፌቱን ገልብጠው እንደሚያዩት ነው። «ከልቡ ያልሰጠኝን ሰው ቤት አልገባበትም፤ ሐራም ነው። ደግሞ ነገ ፍርድ ቤት አልፈልግም። እህቴ፣ ተናገሪ።»

ሶሲና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ዛሬ አልፈርምም» አለች።

«ለምን?» አለ ፋኑኤል።

«ዛሬ አልፈርምም።»

«ምክንያቱን ንገሪን እኮ ነው የምንልሽ። እንዲህ ሰው ሰብስበን፣ እሳቸውን አስቸግረን፣ ዝም ብሎ አልፈርምም ይባላል?»

አፏ ሊከፈት ነበር። ስለ ግድግዳው፣ ስለ ነርሷ፣ ስለ አረንጓዴዎቹ ቀኖች ልታስረዳው ነበር። ሀምዲ ያለቻት ትዝ አላትና ከንፈሯን ገጠመችው። አቶ ቀናው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያኔ ወይዘሮ ጥሩነሽ ከመስኮቱ ሥር ተናገሩ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሶሲና የሰማችው የመጀመሪያ ንግግራቸው ነበር።

«አትስሟት፤ ታማለች። ሕመሙ ነው የሚያናግራት። እኔ እናቷ እመክራታለሁ፣ ትፈርማለች።»

አቶ ዴቅ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡና ተነሡ። ወደ ሶሲና ቀረብ ብለው በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አላህ ይማርሽ እህቴ» አሏት። ለፋኑኤል ደግሞ፣ «ሲሻላት ጥሩኝ» አሉት።

ሲሻላት ማለት እሺ ስትል ማለት መሆኑ ሁሉም ገብቶታል። ከጠዋት ጀምሮ የዘገየው ንዴት ያኔ ነው የደረሰው። ሙቅ ነበር፣ ጥርት ያለ ነበር፤ ደረቷ ውስጥ ሲገባ ክፍሉ ሁሉ ድንገት ቀረባት፣ የብርጭቆዎቹ ጠርዝ፣ የእናቷ ቀሚስ አዝራር፣ የደላላው ጫማ ላይ ያለው አቧራ። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ቀለም አልነበራትም።

ፋኑኤል፣ ገሊላና አቶ ቀናው እንግዶቹን ሊሸኙ ወጡ። እናትና ልጅ ቀሩ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ተነሥተው ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመሩ፤ በሩን አንድ ጊዜ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ደግ አደረግሽ» አሉ።

ሶሲና የሰማችውን አላመነችም። «ምን አልሽ እማዬ?»

«እኔም መሄድ አልፈልግም። እዚያ ሙቀት ውስጥ፣ በምራት ቤት፣ የሰው ፊት እያየሁ። የአባትሽን መቃብር ለማን ጥዬ።» ብርጭቆ ከብርጭቆ ጋር አጋጭተው ደነገጡ። «እንደማትፈርሚ አውቄያለሁ። ስጸልይ ነው የዋልኩት።»

«ታዲያ ለምን ፈረምሽ? ለምን አልነገርሽውም?»

«አንድ ወንድ ልጅ ነው ያለኝ ሶሲና። እኔ እንቢ ካልኩት ይቀየመኛል። ዓመት ይዘጋኛል፣ ስልኬን አያነሣም፣ ልጆቹንም አያሳየኝም፤ አውቀዋለሁ።» ቀና ብለው አዩዋት፤ ዓይናቸው ልክ ራት ላይ ቀለሞቹን ያስረዳቻቸው ቀን እንደነበረው እንባ አቅርሯል። «አንቺ ግን በሽተኛ ነሽ። አንቺን ማንም አይቀየምሽም።»

ሶሲና ቁጭ እንዳለች ቀረች። ሰባት ዓመት ሙሉ ሕመሟ የእሷ ብቻ መስሏት ነበር። ለካ ቤቱ ተካፍሎታል፤ ወንድሟ ለፊርማ፣ እናቷ ለመደበቂያ። ስለ እናቷ ልታዝን ፈለገች፣ ደግሞ አዘነች፤ ግን ንዴቱ አልወጣላትም፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ፋኑኤል ተመልሶ ገባ፣ ገሊላም ከኋላው። ፊቱ ተለውጧል፤ ሶስዬ ማለቱ ቀርቷል። ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለና ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ካሌንደሩን ፎቶ አንሥቼዋለሁ» አለ። «ጠበቃ አማክሬያለሁ። በራሷ እጅ የቀባችው ነው፤ ቀዩን ዓይቶ ይህቺ ሰው ለራሷ መወሰን ትችላለች የሚል ዳኛ የለም። እማዬን ሞግዚት አድርገን እናስወስንና እማዬ ትፈርምላታለች። በጉልበት ያደረግነው እንዳይመስልብን ብዬ ነበር እስካሁን የጠበቅኩት።»

ገሊላ መሬት መሬቱን አየች። ወይዘሮ ጥሩነሽ ትሪውን እንደያዙ ቆመዋል።

ሶሲና ተነሣች። ድምፅዋ ራሷን እስኪገርማት ድረስ የተረጋጋ ነበር። «እማዬ» አለች። «አሁን ለእኔ ያልሽኝን ለእሱም ንገሪው።»

ፋኑኤል ወደ እናቱ ዞረ። «ምን አልሽ?»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ትሪውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። ልጃቸውን አላዩም፣ ሴት ልጃቸውንም አላዩም። በመስኮቱ በኩል የውጭው አቧራ ውስጥ ፒክአፑ ሲዞር ይታያል፤ እስኪርቅ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት። ለአፍታ ሊናገሩ የከጀሉ መሰሉ።

«እኔ ምን አልኩ?» አሉ። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞረው፣ «ገሊላ፣ ዛሬ መድኃኒቷን ውጣለች?» ሲሉ ጠየቁ።

ገሊላ ለመድኃኒቱ መዋጫ ውኃ ልትቀዳ ወደ ጓዳ ገባች።